ቀኝ እጄ የተወጋ ቀን

ስኳር አለብህ ከተባልኩ ወዲህ የተወጋሁትን ያህል ዕድሜዬን ሙሉ እሾህ አልወጋኝም። ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ የመለኪያዋን ማሽን አሠራር ያሳየችው ለእኔ ሳይሆን ለሚስቴ ነው። "አባባ አይሰሙም" አለች። እውነቷን ነው።

ሚስቴ በአንድ ቀን ለመደችው። ጠዋት ከአልጋ እንደወረድኩ፣ ምንም ሳልነካ፣ ግራ እጄን ወደ ታች ታንጠለጥለዋለች። ደሙ ይውረድ ብላ ነው። ከዚያ የጣቴን ጫፍ ጎን ትወጋለች፤ ጎኑ ብዙ አያምም ተብላለች። የመጀመሪያዋን ጠብታ በጥጥ ትጠርግና ሁለተኛዋን ለማሽኑ ትሰጣለች። መርፌዋ ግን ቀጭን ናት፣ የእኔ ጣት ደግሞ የገበሬ ጣት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጠቅ ስታደርግ ደም የለም። ደግማ ጠቅ፣ የለም።

"አንተ ሰውዬ፣ ውስጥህ ያለው ደም ነው ወይስ ጭቃ?"

ቀኝ እጄን ግን አልሰጥም ብያለሁ። ቀኝ እጅ ዶማ ይይዛል፣ ይበላል። ግራው ሥራ ስለሌለው እሱ ይወጋ።

ፊደል በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ትንሽ ለቅሜአለሁ። ቁጥር ያስተማረኝ የከብት ገበያ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ላይ የሚወጣውን ራሴ አነባለሁ።

ሶዶ ከተማ ቢሮ የምትሠራ ሴት ልጅ አለችን። ሕግ ያወጣችው እሷ ናት። ድሮ ስኳር አቁም ሲሉኝ፣ "ሻይ ያለ ስኳር አልጠጣም፤ ስጠጣም አልደበቅም" ብዬ ፊት ለፊት ነግሬአቸው ነበር። በኋላ ከገበያ ስመለስ አዙሮኝ ወደቅሁና በጋሪ ተጭኜ እዚህ ሁምቦ ቤቴ ገባሁ። ልጄ እንደሰማች መጣች።

"አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቁጥሩ አንድ ቀን ሦስት መቶ ከገባ ሶዶ እወስድዎታለሁ። እኔ ቤት ይቀመጣሉ።"

"እናትሽስ?"

"እማዬ ላሟን ለማን ትታ ትሄዳለች?"

የልጄን ቤት አውቀዋለሁ። ግቢው ሲሚንቶ ነው፣ አንድ ዛፍ የለበትም። ደጅ ወንበር አውጥቶ ባጃጅ ሲያልፍ ማየት ነው። ለአንድ ቀን ደስ ይላል። በሁለተኛው ቀን ሰውየው ራሱ ሲሚንቶ ይሆናል። እናም ስኳር ተውኩ። ለጤናዬ ብዬ አይደለም፣ ያን ሲሚንቶ ፈርቼ ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ የማንጎ ወቅት ነበር፣ ልጄ ልትጠይቀን እንደምትመጣ ነገረችን። ሚስቴም "ዛሬ እሷ ትለካሃለች፣ እስክትደርስ ቁርስ የለም" አለችኝ። እኔ ሆዴን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ሌሊት ነፋስ የጣለው ማንጎ መሬቱን ሸፍኖታል። ደህና ደህናውን ወደ ጆንያ፣ የፈነዳውን ለላሚቷ። ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ። ወደ አፌ ግን አንድም አልገባም።

ልጄ ደረሰች። ግራ እጄን አየችና "ይሄማ ወንፊት ሆኗል። ቀኙን ይስጡኝ" አለች።

"ቀኙ አይወጋም።"

"አባዬ!"

ግትርነቷን ከማን እንደወሰደች ስለማውቅ ሰጠኋት። ወጋችው፣ ደሙ ወዲያው ብቅ አለ።

"የመጀመሪያዋን ጥረጊያት" አለች ሚስቴ።

"ደም ደም ነው እማዬ" ብላ ጠብታዋን ለማሽኑ ሰጠች።

ቁጥሩ ወጣ። በአራት ይጀምራል።

ልጄ ማሽኑን አስቀመጠችና፣ "ልብስዎን ያዘጋጁ" አለች።

"ምንም አልበላሁም።"

"ታዲያ ማሽኑ ነው የሚዋሸው?"

"ማሽኑን አላውቀውም። እኔ ስጠጣ ጠጣሁ የምል ሰው ነኝ። ዛሬ አልበላሁም እላለሁ።"

ሚስቴ ቀረብ ብላ ቀኝ እጄን አነሳችና አሸተተችው።

"ማንጎ" አለች ቀስ ብላ።

"ይኸው!" አለች ልጄ።

እኔ ሄጄ የቤቱን ምሰሶ አቀፍኩ። "ከፈለግሽ ከነምሰሶው ውሰጂኝ! ፍርድ ቤት እንኳ ሌላ ምስክር ይሰማል። ግራውን ጠይቂው!" የተባባልነው ሁሉ በወላይትኛ ነው። በአማርኛ ስጽፈው ለስልሷል።

ሚስቴ ፊቴ ቆመች። "አፍህን ክፈት።"

"ምን?"

"ክፈት አልኩህ።"

ምሰሶዬን እንዳቀፍኩ ከፈትኩ። አፍንጫዋን አፌ ውስጥ ልትከት ምንም አልቀራት። ልጃችን አፍራ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ሚስቴ ግን ቆየች። በዚያ ቅርበት ዓይኗን አየሁት፤ እሷም እንደኔ ፈርታ ነበር። ለካ ቤቱ ባዶ የሚሆነው በእሷ ላይ ነው።

"ይሄ አፍ የማታ ጎመን ነው የሚሸተው" አለች ቀና ብላ። "ማንጎ አልገባበትም። ማንጎው ያለው እጁ ላይ ነው።"

ልጄ ጣቴን አየች፣ ማሽኑን አየች፣ በር ላይ ያለውን ጆንያ አየች። ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታች። "የለካሁት ማንጎውን ነው እንዴ?"

ሚስቴ ውሃና ሳሙና አመጣች። ሁለቱንም እጄን ከምሰሶው አላቅቃ እስከ ክርን አሽታ አጠበችኝ፣ በንጹሕ ጨርቅም አደረቀችልኝ። ግራዬን አንጠልጥላ ጎኑን ወጋች፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ ጠረገች። ሦስታችንም በማሽኑ ላይ አጎነበስን። ቁጥሩ በአንድ ጀመረ።

"ቀኙንም ውጊው" አልኩ።

"በቃ አባዬ፣ አምኛለሁ።"

"አንቺ አመንሽ፣ ቀኜ ግን ስሙ ጠፍቷል። ውጊው!"

እየሳቀች ወጋችው። እሱም በአንድ ጀመረ። ያን ጊዜ ምሰሶዬን ተሰናብቼ ቁርሴን ጠየቅሁ።

ማታ ልጄ አንድ ጆንያ ማንጎ ይዛ ብቻዋን ወደ ሶዶ ተመለሰች። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮት "አባዬ ይቅር ይበሉኝ!" ስትል ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከመርፌ በፊት ሳሙና ይመጣል። ከሳሙናው በኋላ ደግሞ ሚስቴ አፌን ታሸታለች። አንድ ቀን "ሳሙናው አይበቃም እንዴ?" አልኳት።

"ዝም በልና ክፈት" አለችኝ።

በነገር ሁሉ የምከራከር ሰው ነኝ። በዚህ ግን አልተከራከርኩም።