በራችን ከሽክርክሪቱ ላይ ይታያል ወይ?

የፒያሳ ሰው «አላውቅም» ማለት አይሆንለትም። መንገድ ብትጠይቁት እስከ በሩ ካላደረስኳችሁ ይላል፤ ሰዓት ብትጠይቁት የሰዓት ሠሪውን ጠባይ ጨምሮ ይነግራችኋል፤ ረግጦት ስለማያውቀው አገር ብትጠይቁት ደግሞ ገና ጥያቄያችሁን ሳትጨርሱ ስለ አየሩ ይጀምርላችኋል። እኔም የዚያው ሰፈር ልጅ ነኝና ሐሜት አይምሰላችሁ። ራሴን ጨምሬ ነው የማማው።

በደርግ ጊዜ በአብዮት በዓል ሰሞን ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ የመጫወቻ ቦታ ይተከል ነበር። ከአንዱ ወዳጅ አገር በመርከብ የመጣ ነው ይባላል። የእንጨት ፈረሶች ነበሩት፣ እርስ በርስ የሚጋጩ ትንንሽ መኪኖች ነበሩት፤ ከሁሉም በላይ ግን ሰውን በወንበር ጭኖ ወደ ሰማይ የሚያወጣና የሚያወርድ ትልቅ ሽክርክሪት ነበረው። መስከረም ሲጠባ ይተከላል፣ ጥቅምት ሳይጋመስ ተነቃቅሎ ይሄዳል። እስኪሄድ ድረስ ግቢያችን ሌላ ወሬ አያወራም።

ግቢያችን ባለ አንድ የውጭ በር ሆኖ ብዙ ቤተሰብ የሚኖርበት ነበር፤ ሁለት የሽክርክሪት ሊቃውንትም ነበሩት። አንደኛው ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ሁለተኛዋ ከጎናችን ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። እነዚህ ሁለት ሰዎች ስለዚያ መጫወቻ የማያውቁት አልነበረም። አረንጓዴው ወንበር ሲጢጥ ስለሚል ሰማያዊው ላይ ተቀመጡ ይላሉ። ሞተሩን የሚያዞረው ሰውዬ ከምሳ በፊት ቁጡ ነው፣ ከምሳ በኋላ ግን ዙር ይጨምራል ይላሉ። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ግቢያችን ጎራ ብሎ እነሱን ሳይጠይቅ አይሄድም ነበር። አንዳቸውም ወጥተውበት አያውቁም። እኔም አልወጣሁም። ደጃችሁ ያለ ነገር የእንግዳ ነው፤ ዛሬ ካልሆነ ነገ እያላችሁ ዕድሜ ይሄዳል።

እንግዳ ስል አክስቴ ትዝ አለችኝ። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ እንደ ብዙ የወሎ ቤተሰብ አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ ሙስሊም ናቸው፤ ከደሴ በዓመት አንዴ፣ ለዘመን መለወጫ ብቅ ትላለች። የምነግራችሁ ነገር ከመሆኑ ዓመት በፊት መጥታ ሽክርክሪቱ ላይ አንዴ ወጥታ ወርዳለች። በዚያች አንድ ጊዜ ምክንያት በግቢያችን ፊት ራሷን እንደ ምስክር ትቆጥር ነበር፤ ሊቃውንቱ ደግሞ እንደ ጀማሪ ይቆጥሯት ነበር።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ እናቴ ከቤት መውጣት ትታ ነበር። «መጥቶ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘውስ?» ነው ነገሯ። እኔ ቤት እሆናለሁ ስላት «አንቺ እናቱ ነሽ?» ትለኛለች። ሥላሴ እንኳ ለመሳለም የምትሄደው እየሮጠች ነበር፤ እየሮጠች ትመለሳለች። ድሮ ስትስቅ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ጭኗን እየመታች ነበር፤ ሳቋ አትክልት ተራ ድረስ ይሰማል እያልን እናሾፍባት ነበር። ያ ሳቅ ከወንድሜ ጋር አብሮ የዘመተ መሰለ። ወንድሜ ናፍቆኝ ነበር፤ የእናቴ ሳቅም ናፍቆኝ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማጣት ለእኔ በዛብኝ።

በዚያ መስከረም አክስቴ እንደ ልማዷ መጣች። እናቴን አየቻትና ደነገጠች። «እህቴን ሽክርክሪት ላይ ሳላወጣት ደሴ ብመለስ ወላሂ ሰው አይደለሁም» አለች። እናቴ እሺ አትልም። ተለመነች፣ አሻፈረኝ አለች። በመጨረሻ የልመናው ብዛት ሲያሰለቻት፣ «በሬ የሚታየኝ ከሆነ እወጣለሁ፤ ካልታየኝ ግን አልወጣም» አለች።

ይኼኔ ግቢው ፍርድ ቤት ሆነ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይታያል እንጂ! በደንብ ነው የሚታየው። እኛ ከግቢው ቧንቧ አጠገብ ቆመን ሽክርክሪቱን እናየው የለም? ካየነው ያየናል።»

«በሩን ብቻ መሰለዎት እንዴ ጋሼ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ሳትል። «እትዬ፣ የበሩ ቁልፍ ሳይቀር ይታይዎታል።»

አክስቴ ሳቀች። «አይታይም። እኔ ወጥቼ አይቼዋለሁ። ከላይ ሲሆኑ የሚታየው ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ። የሥላሴ ጉልላት ይታያል፣ የፒያሳ ፎቅ ይታያል። የእናንተ በር ከዚያ ከትልቁ ባሕር ዛፍ ኋላ ነው።»

«አንድ ቀን አይተሽ ነው?» አሏት ጋሼ። «እኛ እኮ ከጎኑ ነው የምንኖረው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ።»

«በሬው ሰርዶውን ቀምሶት ያውቃል ወይ ነው እኔ የምለው።»

«አንቺ ደግሞ ፈርተሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ይሆናል!»

«ፈርቼማ ነበር። ስለፈራሁ ነው ዓይኔን ያልጨፈንኩት፤ የምሞትበትን ቦታ ልወቀው ብዬ አንድ በአንድ ነው ያየሁት።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። አንዴ ወደ ጋሼ፣ አንዴ ወደ አክስቴ ታያለች። ማንን ትመን? በኋላ እንደገባኝ፣ ሰው ማመን የሚፈልገውን ነው የሚያምነው፤ እናቴም ልቧ ትንሽ መውጣት ፈልጎ ነበር። «እነሱ የሰፈሩ ሰዎች አይደሉ? ያውቃሉ» አለች። ከቧንቧው አጠገብ ሳይሆን ከራሳችን በር ላይ ቆሞ ሽክርክሪቱ ይታይ እንደሆነ ለማየት ከመካከላችን አንድም ሰው አላሰበም። ከቧንቧው እስከ በራችን ግቢው እጥፍ ይላል፤ ይህን የማያውቅ የግቢያችን ሰው ደግሞ አልነበረም።

በነጋታው ከምሳ በኋላ ሦስታችን ሄድን። የሊቃውንቱ ምክር በሙሉ ሠራ ብላችሁ ታምናላችሁ? ሰልፉ አጭር ነበር። ሞተር የሚያዞረው ሰውዬ ጠግቦ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ፈገግ አለልን። አረንጓዴው ወንበር እውነትም ሲጢጥ ይላል፤ ሰማያዊው ላይ ተቀመጥን። እናቴን መሀል አድርገን ብረቱን ቆለፉብን፤ እሷ ነጠላዋን አደግድጋ ብረቱን በሁለት እጇ ጨበጠች። ከፍ ማለት ስንጀምር አክስቴ «ቢስሚላህ» አለች፣ እናቴ «በስመ አብ» አለች፣ እኔ የሁለቱንም ነጠላ ያዝኩ።

እንዴት ያለ ነገር ነው! የማውቀው ሜዳ ከእግሬ ሥር ተንሸራተተ። ወርቅ ቤቶቹ ያሉበት ጎዳና ጠበበ፣ ሰዉ አጠረ፣ ነፋሱ ፀጉሬን በተነው። እንደ ፍየል ጠቦት መዝለል አማረኝ፤ የቆለፈኝን ብረት ተመስገን አልኩ። ከታች ሰው እስኪሞላ ብሎ ሲያቆመው እኛ ጫፍ ላይ ብዙ ቀረን፤ ወንበራችን ይወዛወዛል።

እናቴ ወደ ሰፈራችን ዞረች። «በሬ የታለ?»

ፈለግን። ቆርቆሮ ነው። ቡናማ ቆርቆሮ፣ ግራጫ ቆርቆሮ፣ ድንጋይ የተጫነበት ቆርቆሮ፣ ለበዓሉ ቀይ ጨርቅ የተሰካበት ቆርቆሮ። ባሕር ዛፉ አክስቴ ያለችው ቦታ ላይ ተገትሯል። የጎን ግድግዳ እንኳ ለምልክት አይታይም። አክስቴ ምስክርነቷ እውነት በመሆኑ ደስ ሊላት ሲገባ ፊቷ ተኮማተረ።

«አይታይም» አለች እናቴ። ድምፅዋ ተለወጠ። «አውርዱኝ። አሁኑኑ አውርዱኝ። እሱ መጥቶ ከሆነስ?» ብረቱን ልትከፍት መታገል ጀመረች። እጇን ያዝኩ። እኔም ልቤ ተሰበረ፤ አሳስቄ ልመልሳት ስል ጭራሽ አስጨነቅኳት ብዬ አለቀስኩ ማለት ይቻላል።

በዚህ መሀል ግቢ ውስጥ ምን እንደሆነ የሰማነው በኋላ ከልብስ ሰፊዋ ነው። ጋሼ ከቧንቧው አጠገብ ቆመው ሽክርክሪቱን ሲመለከቱ የኛን ወንበር ጫፍ ላይ አዩት። «አየኋቸው!» ብለው ደስታቸውን ለመጨረስ ወደ በራችን ሄዱ። ከበራችን ላይ ቀና ቢሉ ባሕር ዛፍ ነው። ወደ ግራ ቢሉ ባሕር ዛፍ ነው። ልብስ ሰፊዋ «ጋሼ፣ ጉድ ሠራናት» ስትላቸው መሰላሉን አመጡና በዚያ ዕድሜያቸው ጣራችን ላይ ወጡ። ቀበሌው ለበዓሉ ያሰፋትን ቀይ ጨርቅ ልታቀብላቸው ስትል «ከተማው በሙሉ ቀይ ለብሶ ቀይ ማን ይለይልኛል?» አሏት። እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ሰሞን ያልቀላ ጣራ አልነበረም። እሷም ዙሪያዋን ብታይ ሰፍታ የጨረሰችው የአንዲት ሙሽራ ቬሎ ተሰቅሏል።

እኛ ጫፉ ላይ ነን። እናቴ ብረቱን ትነቀንቃለች። በድንገት አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ያ ምንድን ነው?»

ከባሕር ዛፉ ቀኝ በኩል፣ ከቆርቆሮዎቹ መሀል፣ አንድ ነጭ ነገር ተነሥቶ ወደቀ። ደግሞ ተነሣ። በነፋስ ተነፍቶ እጅጌው ወደ ጎን ተዘረጋ፤ ከሥሩ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ መጥረጊያ እንጨት ይዘው እንደ ሰንደቅ ዓላማ ያውለበልቡታል።

እናቴ ዓይኗን አጥብባ አየች። «ጋሼ አይደሉም?»

«ናቸው» አልኩ።

«ጣራዬ ላይ ምን ያደርጋሉ?»

«በርሽን እያሳዩሽ ነው።»

«ቬሎ ይዘው?»

መልስ ሳልሰጣት መጣ። መጀመሪያ ከአፍንጫዋ ወጣ፤ ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ወንበሩን እያወዛወዘች፣ ጭኗን እየመታች ሳቀች። አክስቴ ሳቀች፣ እኔ እያለቀስኩ ሳቅኩ። ከታች ያለው ሰውዬ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ ጮኸ። ሳቋ እሱንም ያዘውና ሽክርክሪቱን ለቀቀው፤ ስንወርድ ጣራው ይጠፋል፣ ስንወጣ ቬሎው ይነሣል፤ በወጣን ቁጥር እናቴ እንደ አዲስ ትፈነዳለች። በዚያው መሀል አንድ የቀበሌ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ ግቢያችን ገብቶ «ለማን ነው ምልክት የምትሰጡት?» ብሎ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጉዳዩን ብታስረዳው ቀና ብሎ ወደ ጣራው አየና «ከፍ ያድርጉታ አባት፣ እንዲህ ማን ያየዎታል?» አላቸው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ስንወርድ እናቴ ወደ ቤት ትሮጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ቆማ ነጠላዋን አስተካከለች። «ልጄ ቢመጣ» አለች፣ «እነዚህ ሰዎች የትም ብሆን ያሳውቁኛል። ለዚህ ጣራ የወጡ ለእሱማ...» ወደ ሰውየው ዞራ «አንድ ዙር ድገመን» አለችው።

እቤት ስንገባ ጋሼ ከጣራው ወርደው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። «ይታያል አላልኩሽም?» አሏት እናቴን። አክስቴ አፏን ከፈተች፣ ጋሼን አየች፣ መልሳ ዘጋችው። እኔ አሁንም ማን ልክ እንደነበር አላውቅም። አክስቴ ያየችውን ነገረችን፣ ሊቃውንቱ ደግሞ ያሉትን እውነት አደረጉት።

ከዚያ ወዲህ እናቴ መውጣት ጀመረች። መጀመሪያ ሥላሴ ቅዳሴው እስኪያልቅ መቆየት፣ ከዚያ አትክልት ተራ ወርዶ እንደ ድሮዋ መከራከር፣ ከዚያ ልቅሶ ቤት፣ ከዚያ ሠርግ።

ወንድሜ የመጣው ደርግ ሊወድቅ ሲል ነው፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ እግሩ ቆስሎ። እናቴ አትክልት ተራ ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ልትጠራት ሮጣ መንገድ ላይ ተላለፉ፤ እናቴ በሌላ መንገድ መጥታ የሽንኩርት ዘንቢሏን ተሸክማ ስትገባ ግቢው በሰው ሞልቷል። ወንድሜን መሀል አስቀምጠውት ከየቤቱ በመጣ ሰሃን ተከቧል። ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ አቀፈችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ «ቤት ሰው አጣህ ልጄ?» አለችው።

ጋሼ ያጎረሱት ጉርሻ አፉን ሞልቶት ነበር፤ ራሱን ብቻ ወዘወዘ።