እናቴ የቆመችበት የሠርግ ፎቶ

በሠርጌ ፎቶ ላይ አራት ሰዎች አሉ፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና ባለቤቴ። የተነሣነው ሰበታ፣ በአባቴ ግቢ፣ በጥር ወር ነው። እናቴ የሞተችው ከዚያ በፊት በነበረው ነሐሴ ነው።

አስተማሪ ስለሆንኩ ነገርን በቅደም ተከተል ማስረዳት ይቀናኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልነሣ።

ባለቤቴ የሱሉልታ ልጅ ነው። ከአገር ከወጣ ቆይቷል፤ ክረምቱ ረጅም በሆነ አንድ የአውሮፓ አገር አውቶቡስ ይነዳል። የተዋወቅነው ለእረፍት መጥቶ በነበረ ጊዜ፣ እኔ ወደማስተምርበት የቡራዩ ትምህርት ቤት የእህቱን ልጅ ሊያስመዘግብ ሲመጣ ነው። ሽማግሌ ሲላክ እናቴ በሕይወት ነበረች። አባቴ እንደ ወጉ "ይታሰብበት" ሲል፣ እሷ ከጓዳ ብቅ ብላ "ምን ይታሰባል፣ ልጅቷ አስባ ጨርሳለች እኮ" ብላ ሽማግሌዎቹን አሳቀቻቸው። ከዚያ ክረምቱ መሐል ላይ ታመመች። ነሐሴ ሳያልቅ ቀበርናት።

እኛ ዘንድ ቤት ውስጥ ሰው ከሞተ ዓመቱ ሳይወጣ ሠርግ አይደገስም። ባለቤቴ ግን ከሥራው ፈቃድ ያገኘው በጥር ብቻ ነበር፤ ሌላ ጊዜ መቼ እንደሚያገኝ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና "ነገሩን እሺ ብላ የጀመረችው ሟች ናት፤ ይፈጸም፤ ግን ያለ ከበሮ" ብለው ቆረጡ። ድንኳን አልተጣለም። የሙሽራ መኪና ጡሩምባ አልነፋም። ጎረቤቶች ገብተው ቀመሱ፤ "የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ" ብለው፣ እንደ ለቅሶ ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወጡ። ነጩን ቀሚስ የለበስኩት ለፎቶው ብቻ ነው። ከዚያ ጥቁሩን መልሼ ለበስኩ።

ፎቶ አንሺውን ከቡራዩ ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። ሲያቆመን አባቴ ከእኔ ራቅ ብሎ ቆመ።

"አባባ፣ ወደ ሙሽራዋ ጠጋ ይበሉ እንጂ።"

"ደህና ነኝ።"

"መሐሉ ክፍት ሆነ እኮ! ፎቶው ይበላሻል።"

"አንተ ዝም ብለህ አንሣ" አለው አባቴ።

ሐዘኑ ነው ብዬ ተውኩት። ለካ ቦታ እየያዘ ነበር። ባለቤቴ በተመለሰ በሳምንታት ውስጥ አባቴ ብቻውን ቡራዩ ድረስ ሄዶ፣ እናቴ አንድ ክርስትና ላይ ቆማ የተነሣችውን ፎቶ ለፎቶ ቤቱ ሰጠ። የፎቶ ቤቱ ሰዎች ይህን ሥራ "ሟች ማስገባት" ይሉታል። መስኮታቸው ላይ በልጅነቷ ከሞተባት አባቷ ጋር ካባ ለብሳ የቆመች ተመራቂ አለች፤ አያቱ በደስታ የሚያዩት ሙሽራም አለ። ውሸት ነው የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ሁሉም ሰው ደግሞ "አቤት፣ እንዴት አምሮባታል!" ይላል።

እናቴም አምሮባታል። አንድ ነገር ብቻ አለ። ወደ እኛ አታይም፤ ወደ ጎን፣ ከፎቶው ውጭ ወዳለ ነገር ታያለች። ክርስትናው ላይ ምን እያየች እንደነበር የሚያስታውስ ሰው አላገኘሁም።

አባቴ ፎቶውን ሳሎን ውስጥ ሰቀለው። ጠዋት ሲነሣ ፊቱን ታጥቦ ይመጣና በእናቴ ቋንቋ በኦሮምኛ "አካም ቡልቴ?" ይላታል፤ እንዴት አደርሽ ማለት ነው። ከዚያ ሰው መልስ ለመስጠት የሚፈጅበትን ያህል ዝም ይላል። ሰበታ ሄጄ ባደርኩ ቁጥር በዚያ ዝምታ ውስጥ ላለመናገር እጠነቀቃለሁ። አንድ ቀን ሳላስተውል ሻይ ይቅረብልህ ወይ ብዬው "ቆይ፣ ታውራ" አለኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለቤቴ ካለበት አገር የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ የሚሰጠኝ በጋብቻችን ምክንያት ነው። ለዚህ ጋብቻው መመዝገቡ ብቻ አይበቃም፤ እውነተኛ መሆኑ መታየት አለበት። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶቻችንን አስተረጎምን፣ ማኅተም አስመታን። የስልክ ንግግራችንን፣ የተላላክነውን መልእክት፣ ፎቶዎቻችንን ሰበሰብን። ሥርዓት ስለምወድ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ማን የት እንደቆመ ጻፍኩ። በሠርጉ ፎቶ ሥር የጻፍኩት "ከግራ ወደ ቀኝ፦ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔ፣ ባለቤቴ" የሚል ነው። ባለቤቴ ወዲያ ሆኖ አየው፤ እሱም ምንም አልታየውም። በሁላችንም ቤት ግድግዳ ላይ ያለ ዓይነት ፎቶ ነው፤ ማን ጉድለት ይፈልግበታል?

ኤምባሲው ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። የጠየቀችኝ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ አጠገቧ አስተርጓሚ ተቀምጧል። የአማቴ ቤት በር ቀለሙ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። ባለቤቴ ስንት ሰዓት ከሥራ እንደሚገባ ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። ከዚያ ፎቶውን አወጣች።

"ይህች ሴት ማን ናት?"

"እናቴ።"

ቅጹን ገለጠች። እናቴ በሕይወት እንደሌለችና የሞተችበትን ጊዜ በንጹሕ ጽሑፍ የሞላሁት እኔው ነኝ። አስተርጓሚው የሚቀጥለውን ጥያቄ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እናትሽ ከሠርግሽ በፊት ሞታለች፤ ሠርግሽ ላይ ግን ቆማለች። እንዴት ነው? ትላለች።"

"አባቴ ነው ያስገባት።"

አስተርጓሚው ወዲያው ገባው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። በእሱም ቤት እንዲህ ያለ ፎቶ ሳይኖር አይቀርም። ቃሉ በዚያ ቋንቋ ምን ሆኖ እንደወጣ ግን አላውቅም፤ ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እንደ ክፍል ውስጥ አድርጌ አስረዳሁ፤ ስለ ፎቶ ቤቱ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ተመራቂዋ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ሌሎቹ ፎቶዎች ላይስ ለምንድን ነው ማንም የማይስቀው? አንቺም ሙሽራዋ አትስቂም።"

"ሐዘን ላይ ነበርን።"

"ሐዘን ላይ ከነበራችሁ ለምን ያን ጊዜ ተጋባችሁ?"

"እሱ ፈቃድ ያገኘው ያን ጊዜ ብቻ ስለነበረ ነው" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ሌላ መሰለኝ፤ ለወረቀት ሲባል የተጋባን መሰልን።

በመጨረሻ የተባልኩት ይህ ነው። ፎቶው መቀየሩንና እናቴ በሠርጉ ላይ አለመኖሯን አባቴ በጽሑፍ አረጋግጦ ይፈርም። ይህ ካልቀረበ ማስረጃው ሐሰተኛ ነው ተብሎ ሊወሰን ይችላል፤ እንዲያ ከተወሰነ ደግሞ ወደ ባለቤቴ የምሄድበት መንገድ ይዘጋል ማለት ነው።

በነጋታው ክፍል ውስጥ ትምህርቱ ስለ ብርሃንና ጥላ ነበር። ልጆቹን ሜዳ ላይ አቁሜ ጥላቸው ከፀሐይ በተቃራኒ እንደሚወድቅ አሳየኋቸው። ቤት ገብቼ የፎቶውን ቅጂ አየሁት። የእኔ፣ የአባቴና የባለቤቴ ጥላ ወደ ግራ ወድቋል። የእናቴ ወደ ቀኝ፣ እስከ ቀሚሴ ጫፍ ድረስ። ከዚያን ቀን ወዲህ ነጭ ነገር ስለብስ ወደ ታች አያለሁ።

ሰበታ ሄድኩ። አባቴ በረት ሲጠርግ አገኘሁት።

"አባዬ፣ የምትፈርመው ወረቀት አለ። አልነበረችም ብለህ ነው የምትፈርመው።"

"ማን?"

"እማዬ። ሠርጉ ላይ።"

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው። "ነበረች" አለ።

"ሞታ ነበር እኮ፣ አባዬ።"

"መሞቷን መች ካድኩ? አፈር ያለበስኳት እኔ። ሠርጉ ላይ ግን ነበረች።"

"ካልፈረምክ አልሄድም፤ ገባህ? እዚሁ መቅረቴ ነው።"

"ቅሪያ!" አለ፤ ወዲያው ግን የተናገረው ነገር አሳፈረውና ወደ በረቱ ዞረ።

ማታውን ለባለቤቴ ደወልኩለት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ተናደደ። "እዚህ የሞተና ያለ ሰው አንድ ላይ አይቆምም" አለኝ በመጨረሻ። "እንዴት ብለሽ ታስረጃቸዋለሽ?" የማስረዳት ሥራ የእኔ እንደሆነ ያውቃል። የዚያን ቀን ግን የማስረዳው አጣሁ።

መላ ያገኘችው አማቴ ናት። ሱሉልታ ያሉትን እነዚያኑ፣ እኔን ለልጇ የጠየቁትን ሽማግሌዎች ሰብስባ መልሳ ሰበታ ላከቻቸው። በጠዋት ደረሱ። በሩ ላይ "አካም ቡልተኒ!" እያሉ ገቡ፤ አባቴ ወንበር አቀረበ፤ አልተቀመጡም። ሽማግሌ የመጣበት ነገር ሳይፈቀድለት አይቀመጥም።

"ደግሞ ምን ቀራችሁ?" አላቸው አባቴ። "ሌላ ሴት ልጅ የለኝም።"

ታላቅየው፣ የሣር ነጋዴ የሆኑት ሽማግሌ፣ ሳቅ አሉ። "ሶዳ፣ ዛሬ የመጣነው ለሴት ልጅ አይደለም፤ ለፊርማ ነው።" ሶዳ ማለት አማች ማለት ነው።

"መጀመሪያ ልጄን ወሰዳችሁ። አሁን ደግሞ ሚስቴን ልትወስዱ መጣችሁ?"

 እኔ በጓዳው በር ቆሜያለሁ፤ ፎቶው ከሽማግሌዎቹ ራስ በላይ ነው። ሦስቱም ቆመው፣ አባቴም ቆሞ፣ እሷም ቆማ፣ ሁሉም ሰው የቆመበት ቤት ሆነ። ታላቅየው ዞር ብለው ፎቶውን አዩት፤ ቆባቸውን አወለቁ።

"እንዳንወስዳትማ እርስዎ ይንገሩን" አሉት። "እኛ የምንለውን አይፈርሙ። የሆነውን ይናገሩ፤ ልጅቷ ትጽፋለች።"

አባቴ ቀና ብሎ ፎቶውን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ መናገር ጀመረ፤ እኔም ጻፍኩ።

"ባለቤቴ በነሐሴ ሞተች። ልጄ በጥር ተዳረች። ፎቶ ስንነሣ የሚስቴን ቦታ ከጎኔ ክፍት አድርጌ ቆምኩ፤ ሰው እንዲቆምበት አልፈቀድኩም። በኋላ ፎቶ ቤት ሄጄ እቦታዋ ላይ አስገባኋት። ሰው ላታልል አይደለም። ቦታዋ ስለሆነ ነው።"

"'ሠርጉ ላይ አልነበረችም' የሚለውስ?" አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

"እሱን አልልም።"

"ሞታ ነበር ካሉ እኮ አልነበረችም ማለት ነው!"

"አይደለም" አለ አባቴ።

ታላቅየው ጓደኛቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጉትና ተቀመጡ። እነሱ ሲቀመጡ ነገሩ አለቀ። አባቴ ፈረመ።

የተጠየቅኩት ዓረፍተ ነገር ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ልጨምረው እችል ነበር፤ አባቴ ደግሞ አያነበውም። አልጨመርኩም። እንዳለ አስተርጉሜ አስገባሁ፤ ከዚያ ጠበቅን። በዚያ ጥበቃ ውስጥ ስለ እናቴ ሁለት ዓይነት ሕልም አይ ነበር። በአንዱ ከፎቶው ወጥታ ትሄድልኛለች፤ ደስ ይለኛል፤ ስነቃ አለቅሳለሁ። በሌላው አትንቀሳቀስም፤ ወደ ጎን ማየቷን ትታ ወደ እኔ ታያለች። ይህኛው ይብስ ነበር።

ፈቃዱ ተሰጠ። መልእክቱ የደረሰኝ በእረፍት ሰዓት፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲጮኹ ነው። ምን እንዳሳመናቸው አልተጻፈም። ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ሰበታ ሄድኩና ለአባቴ ነገርኩት።

"እሰይ" አለ። "እሰይ የኔ ልጅ።" አንገቴን ስቦ ሳመኝ። ከዚያ፣ አስቦበት የቆየ ነገር እንደሆነ በሚያስታውቅ ድምፅ "ሳትሄጂ ፎቶ ተነሽ" አለኝ።

"የምን ፎቶ?"

"ቆመሽ። ሙሉ ቁመትሽን። እጅሽን ወደ ታች አድርገሽ ፊት ለፊት እዪ፤ እናትሽ ዞር ብላ ነው ያስቸገረችን። ፋሲካ ሲሆን፣ የአጎትሽ ልጅም ሲዳር፣ ከእኛ ጋር አስገባሻለሁ።"

"አባዬ፣ እኔ እኮ አልሞትኩም! እመጣለሁ።"

"ስትመጪማ ራስሽ ትቆሚያለሽ" አለ። "እኔ የምለው ለማትመጪበት ነው።"

ቡራዩ፣ ያው ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፎቶ አንሺው ነጩ ግድግዳ ፊት አቆመኝ፤ ለምን እንደመጣሁ ስነግረው አልገረመውም። "ውጭ የሚሄዱ ብዙ ሰዎች እንዲህ ይነሣሉ" አለኝ። ትከሻዬን አቃናልኝ፤ አገጬን ቀና አደረገልኝ።

"ፈገግ ልበል?" አልኩት።

"ትንሽ ብቻ። ብዙ ከሳቅሽ ለለቅሶ አይሆንም። ጨርሶ ካልሳቅሽ ደግሞ ለሠርግ አይሆንም።"

ለሁለቱም የሚሆን ፊት እየፈለግኩ ቆምኩ። እሱም ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ እስካገኘው ድረስ ታግሶ ጠበቀኝ።