የሼህ ሁሴንን ወፍጮ የለካን ቀን

ባለፈው ሳምንት ሼህ ሁሴን ደወሉልኝ። «የወፍጮውን ሞተር ቀይሬዋለሁ። ና እስቲ ፍጥነቱን ለካው» አሉኝ። የሱቄን ቁልፍ ለማንሳት ወደ ቤቴ በር ሄድኩ። ቁልፉ የሚንጠለጠለው ቆርቆሮው በር ላይ በተጣበቀች፣ ባቄላ በምታህል ማግኔት ነው። ማግኔቷን ሳያት ቆም አልኩ።

ስለ ወንድሜ ስለ ሰይድ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ሁልጊዜ ከመጨረሻው ስለምጀምር ይሆናል። ጦርነቱ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ የመጣ ጊዜ ሞተ። ይኸው፣ ጻፍኩት። አሁን ወደሚያስቀው ቀን ልሂድ።

ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ነበር። ሰዉ ሁሉ አዲስ ነገር ይጀምራል። ሰይድም ደሴ ቴክኒክና ሙያ ጨርሶ መጥቶ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ አሮጌ ቶርኖ ተክሎ ብረት መቅረጽ ጀመረ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ሥራ ግን የለም። ሰዉ «ገና ልጅ ነው» ይልና ብረቱን ጭኖ ደሴ ይወስዳል። የመጀመሪያውን ትልቅ ሥራ የሰጡት ሼህ ሁሴን ናቸው፤ ከሐይቅ ወጣ ብሎ፣ በውጫሌ መንገድ ላይ ላለው ወፍጯቸው የሞተር ፑሊ፣ ቀበቶው የሚዞርበትን ክብ ብረት ማለቴ ነው።

«ድንጋዩ በደቂቃ ስድስት መቶ ጊዜ ይዙር» አሉት። «ከዚያ ከፈጠነ ዱቄቱ ይግላል፣ እንጀራው ይበላሻል። የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሳይደርስ ካልተስተካከለ አሮጌውን መልሼ የደሴውን ሰውዬ እጠራለሁ።»

ኅዳር ነበር። ማሽላው ደርሶ መንገዱ ግራና ቀኝ ቀልቷል። በባጃጅ ስንሄድ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥብስ አሣ እኔ ጭን ላይ ነበር፤ ሰይድ አንድም አልቀመሰም። እኔ ጨረስኩት። በኋላ ተቆጣኝ።

ፍጥነቱን የሚለካ ነገር ራሱ ሠርቷል። ማግኔት ድንጋዩን የሚያዞረው ዘንግ ላይ ይለጠፋል፤ ማግኔቷ ባለፈች ቁጥር ማሽኑ አንድ ብሎ ይቆጥራል። በሰከንድ የቆጠረውን በስልሳ አባዝቶ ያሳያል። ወፍጮው ሲነሳ ማሽኑ ስድስት መቶ አለ። እልል ልል ስል ስድስት መቶ ስልሳ አለ። ከዚያ ተመልሶ ስድስት መቶ።

እህል ይዘው ተራ ከሚጠብቁት ሴቶች እትዬ ዘውዴ ጮክ አሉ፦ «ኧረ ይሄ ልጅ ፍየል እየሸጠ ነው እንዴ? ስድስት መቶ ይላል፣ ዞር ስንል ስድስት መቶ ስልሳ!»

ሴቶቹ ሳቁ። የሰይድ ጆሮ ቀላ። «በሰከንድ አሥር ተኩል ቢዞር ግማሿን መቁጠር አይችልም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ወይ አሥር ነው ወይ አሥራ አንድ።»

«አያ፣ ሌላ ማግኔት እንጨምራ!» አልኩ። ራሴ ለጠፍኩት፣ በፊተኛው ትይዩ። ትይዩ መስሎኝ። ሰይድ ማባዣውን ከስልሳ ወደ ሠላሳ አወረደው። ዝላዩ በግማሽ ቀነሰ እንጂ አልቆመም።

ሼህ ሁሴን በመውሊድ ድቤ የሚመቱ ሰው ናቸው። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ባዶ ቆርቆሮ በጣታቸው እየመቱ፣ «ለምን ትቆጥራለህ?» አሉ። «ድቤው ፈጠነ ዘገየ ለማለት ደቂቃ ሙሉ እቆጥራለሁ እንዴ? አንዱን ሰምቼ ሁለተኛውን እስክሰማ ያለው ጊዜ ይበቃኛል።»

ሰይድ አሮጌ ላፕቶፑን ጤፍ ማዳበሪያ ላይ ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ። ከእንግዲህ ማሽኑ ማግኔት አይቆጥርም፤ በአንዱና በሚቀጥለው መሃል ያለፈውን ጊዜ ይለካል። ወፍጮውን አስነሳን። አምስት መቶ ዘጠና፣ ስድስት መቶ ሃምሳ፣ አምስት መቶ ዘጠና፣ ስድስት መቶ ሃምሳ።

«ያረቢ! ይሄ ደግሞ ያነክሳል!» አሉ ሼህ ሁሴን።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ማግኔቴ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ ግማሹ ዙር አጭር፣ ግማሹ ረዥም ሆኗል። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ሰይድ ግን ወፍጮውን አስቁሞ ባቄላ የምታህለውን ማግኔቴን በቢላ ፈልቅቆ ወረወረልኝ። «እንካ፣ ያንተ ናት። በአንዷ ብቻ፣ ከራሷ እስከ ራሷ እንለካለን።»

ስድስት መቶ አሥራ ስምንት። ስድስት መቶ አሥራ ስምንት። ቁጥሩ ቆመ።

«ትንሽ ተቻኩሏል» አሉ ሼህ ሁሴን፣ ቁጥሩን ሳያዩ።

«በአሥራ ስምንት ነው፣ አባ» አለ ሰይድ።

«እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ወላሂ።»

ፑሊውን ፈትቶ በባጃጅ ወደ ቶርኖው በረረ። ትንሽ ልጦት፣ አሳንሶት መጣ። ስድስት መቶ ላይ ሲረጋ የአስር አዛን ገና አልተሰማም። ሼህ ሁሴን ከሚወርደው ዱቄት በመዳፋቸው ተቀብለው ዳበሱት። «አልሐምዱሊላህ፣ ቀዝቃዛ ነው። የደሴው ሰውዬ ይቅር።»

«ፍየሏ ተሸጠች!» አሉ እትዬ ዘውዴ። ሰይድ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ አሣውን ጠየቀኝ።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየሁ። የሰይድ መለኪያ ማሽን ዱቄት ለብሷል፤ ይሠራል። አዲሱ ሞተር ድንጋዩን ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ያዞረዋል።

«ተቻኩሏል አይደል?» አሉ ሼህ ሁሴን።

«በአሥራ ሁለት፣ አባ።»

ፑሊውን ይዤ ወደ ቶርኖው ተመለስኩ። አሁን ሱቁ ውስጥ የምሠራው እኔ ነኝ። እየላጥኩት አንድ ነገር አሰብኩ። ሰይድ ከሞተ ስንት ዒድ አለፈ እያልኩ ስቆጥር ቁጥሩ ይዘልብኛል፣ ልክ አይመጣም። እንዴት ልበል፣ ያችን የኅዳር ቀን ይዤ ስነሳ ግን ዞሬ እዚያችው ላይ እደርሳለሁ። ሁልጊዜ እየሳቀ ነው የማገኘው።

ማታ ሱቁን ዘግቼ ቤት ስገባ ቁልፉን ወደ ማግኔቷ አስጠጋሁት። ቀጭ ብላ ያዘችው።