የጋሼ የማክሰኞ ፀጉር

ጋሼ ራሳቸው ላይ የቀረው ፀጉር ከጆሮ እስከ ጆሮ የዞረ አንድ ስስ መስመር ነው። እንዲያም ሆኖ በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ፀጉር ቤታችን ሊቆረጡ ይመጣሉ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። የሚቀመጡት የመጀመሪያው ወንበር ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ቦቲ» ከሚለው ባልደረባዬ ዘንድ ነው። እኔ ሁለተኛው ወንበር ላይ እቆርጣለሁ፤ ዓሣ የምወደው ሳህን ላይ ብቻ ነው።

ቦቲ ሰኞ ሰኞ፣ ሱቃችን ሲዘጋ፣ ያንን የፕላስቲክ ቦቲውን አጥልቆ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ሊያጠምድ ወንዝ ይወርዳል። ማታለያውን የሚሠራው ከእኛው ወለል ነው። ከተጠረገው ፀጉር ቆንጠር አድርጎ መንጠቆው ላይ በክር ይጠመጥመዋል፤ ዓሣው ዝንብ መስሎት ይጎርሳል። ይህን ሁሉ ያስተማሩት ጋሼ ናቸው፤ ድሮ አብረው ነበር የሚወርዱት። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ግን ወንዙን የሚያዩት በቦቲ አፍ ነው። እሱ ያወራል፣ መቀሱ ደግሞ ከራሳቸው በላይ ባዶ አየር ይቆርጣል። ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ። ወረፋ ቢረዝምም ጉዳዩ አይደለም። እኔ እርር እል ነበር፤ በዚያ ሰዓት ሦስት ሰው እሸኛለሁ።

አንድ እሑድ የቦቲ ሚስት ወንድም፣ ባለ ሥጋ ቤቱ፣ «ዓሣ መያዝ ደግሞ ምን ሙያ አለው?» ብሎ ነገር ፈለገው። በማግስቱ ማን ብዙ ይይዛል ተባብለው ወረዱ። ማክሰኞ ቦቲ ደረቱን ነፍቶ ጋሼን ጠበቃቸው።

«አሥራ አንድ ጋሼ! እሱ ስድስት!»

«ጎሽ!» አሉ ጋሼ፣ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው። «ውሃውስ? ጠርቶ ነበር?»

«ውሃው... ደህና ነው።»

«ከድንጋዩ ሥር ያለው ትልቁስ? ብቅ አላለም?»

መቀሱ ቆመ። «እኔ እንጃ ጋሼ። ስቆጥር ነበር።»

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። ቅሬታቸውን ሊደብቁ ስለ ጉልበታቸው ትንሽ አወሩና በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተነሥተው ሄዱ። እንዲህ ፈጥነው ወጥተው አያውቁም። እኔ እንኳ፣ ሁልጊዜ የማጉረመርመው ሰውዬ፣ አንጀቴን በሉት። ቦቲ የአሥራ አንዱን ወሬ ዳግም አላነሣም። መጥረጊያውን አነሣ፤ ከጋሼ ወንበር ሥር ጎንበስ ብሎ ጥቂት ነጭ ፀጉር ሲለቅም አየሁት።

በሳምንቱ ይቀራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። መጡ። ቦቲ መሸፈኛ ጨርቁን አንገታቸው ላይ አሰረና ጀመረ።

«ጉም ነበር ጋሼ። ማዶው አይታይም። ቦቲዬን አውልቄ ገባሁ።»

«አብደሃል? በዚያ ብርድ?»

«እግሬ ደንዝዞ የማን እንደሆነ ጠፋኝ!» ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። «ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ እስክትወጣ ምንም አልሠራሁም። አንዲት ሰማያዊ ወፍ ዘንጌ ጫፍ ላይ አረፈች፤ እንዳትበር ብዬ ማስነጠሴን ዋጥኩት። ጉሙ ሲገፈፍ ውሃው ጠርቶ ጠጠሩ ሁሉ ይታያል። ያኔ የእርስዎን ፀጉር ወረወርኩ።»

«የኔን?»

«ከዚሁ የለቀምኩትን። ሌላ ስለማይገኝ በጥንቃቄ ነው የጠመጠምኩት።»

እኔም መላጨቴን ትቻለሁ። ወንበሬ ላይ ያለው ደንበኛ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ አንገቱን አዙሯል። በጋሼ መሸፈኛ ጨርቅ ሥር ሁለት እጆች ዘንግ የያዙ ይመስል ተጨብጠዋል።

«ትልቁ ከድንጋዩ ሥር ወጣ። ዞረው፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ዞረው። ከዚያ ላፍ! ክሩ እስኪያፏጭ ወሰደኝ። ደክሞት ሲመጣ ጎኑ ላይ ያሉት ቀያይ ነጠብጣቦች ገና የተቀቡ ይመስሉ ነበር። መንጠቆውን ነቀልኩለትና ነፍሱ እስኪመለስ ውሃ ውስጥ ደገፍኩት።»

በጨርቁ ሥር እጆቹ ቀስ ብለው ተከፈቱ።

«እሺ፣ በመጨረሻ ስንት ይዘህ ገባህ?» አለ ባለአረፋው ደንበኛዬ።

ቦቲ አፉን ሳይከፍት ጋሼ ቀደሙት፣ ዓይናቸው እንደተጨፈነ።

«አንድ ነበር» አሉ። «ለቀቅነው።»