የእቅድ ባለሙያው ምሳ

ወይንሸት ከባሏ ዝውውር ጋር ከደብረ ማርቆስ ሶዶ ስትመጣ የመጀመሪያ ወዳጇ የሆነችው ጎረቤቷ ቦሼ ናት። ቦይና የሚሉት ጎደሬ ጉሮሮ እንዳይከረክር እስከምን ድረስ እንደሚቀቀል፣ የሽፈራው ቅጠል ከበቆሎ ጋር እንዴት እንደሚሠራ፣ ከቃሪያና ከቅመም የሚሠራው የሚያቃጥል ዳጣ እንዴት እንደሚፈጭ ያሳየቻት እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ወይንሸት ባሏ ትግሉ ጠዋት ጠዋት በሚቆጥርላት ሁለት መቶ ብር ባሏን፣ ሁለት ልጆቿንና ራሷን ታጠግባለች። ገበያ የምትወርደው አመሻሽ ላይ ነው፤ ከበዴሳ ከተማ የመጡ ሻጮች የተረፋቸውን ተሸክመው ከሚመለሱ በርካሽ መስጠት ሲመርጡ።

ትግሉ የእቅድ ባለሙያ ነው። ወጡ በጣፈጠ ቁጥር «አየሽ፣ ይበቃል ማለት ነው» ይልና ሃያ ብር ይቀንሳል። የተቀነሰው የት እንደሚገባ ለማወቅ ቅዳሜ እሱ በሚቆርጥበት ሥጋ ቤት ደጃፍ ማለፍ ይበቃል።

ይህ አልበቃው ብሎ አንድ ቀን አድነውና ያሬድ የሚባሉ ባልደረቦቹን ለምሳ ይዞ መጣ። ወይንሸት ቦሎቄውን በዳጣ አጣፍጣ፣ ቦይናውን ጠበስ አድርጋ አቀረበች። እንግዶቹ ጣታቸውን እስኪልሱ በሉ።

«ይሄ ሁሉ በመቶ ስልሳ ብር ነው» አለ ትግሉ አፉን እየጠረገ። «ቁም ነገሩ እቅዱ ነው።»

ወይንሸት ማጀት ገብታ ድስቱን አየች። የእሷ ድርሻ ከእቅዱ ጋር ተበልቷል።

በሳምንቱ የአድነው ሚስት ሩታ ፊቷን አጥቁራ መጣች።

«ምን አደረግሽን? አድነው ‹ወይንሸት በመቶ ስልሳ ታበላለች› ብሎ የአስቤዛውን ግማሽ ከለከለኝ። የያሬድም ሚስት እንደኔው ሆናለች።»

ወይንሸት አፈረች፤ ከማፈሯ ይልቅ ግን ንዴቷ በለጠ። ሙያዋ የሰው ሚስት መቅጫ ሆኖ አረፈው።

«እንግዲያው ባሎቻችሁን ላኩልኝ» አለቻት። «እዚህ ርካሽ ከሆነ እዚህ ይብሉ።»

ሰኞ በምሳ ሰዓት አድነውና ያሬድ ተከታትለው መጡ። ማክሰኞ ወሬው ሚስቱ ጆሮ የደረሰ መልካሙ የሚባል ሌላ ባልደረባ ተጨመረ። ሚስቶቻቸው «ምሳ አቶ ትግሉ ቤት ነው» ብለው ምድጃቸውን አጥፍተዋል። እንግዳ መመለስ ነውር ነውና ትግሉ እየሳቀ አስገባቸው፤ ሳቁ ግን በየቀኑ እያጠረ ሄደ። ወይንሸት ልጆቿን አስቀድማ ማጀት ውስጥ ታበላና የቀረውን ለወንዶቹ ታካፍላለች። ሐሙስ ለት ለእያንዳንዱ አንድ ፍሬ ቦይናና በማንኪያ ጫፍ ዳጣ ደረሰው።

«ዛሬ ትንሽ አነሰ እንዴ?» አለ አድነው በትሕትና።

«እቅዱን የሚያወጣው እሱ ነው» አለች ወይንሸት ወደ ባሏ እያየች። «እኔ ቀቃይ ነኝ።»

ሁሉም ወደ ትግሉ ዞሩ። ትግሉ ዳጣው ያቃጠለው መስሎ ውሃ ጠጣ፤ ብርጭቆው ካለቀም በኋላ ከአፉ አላወረደውም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት መቶ ብር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ኑሮ ተወደደ» አለ። እንግዶቹም አፍረው ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ ሚስቶቻቸውም የተከለከሉትን አገኙ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሩታ እየሳቀች መጣች። ትግሉ ቢሮ ውስጥ «የቤቴን በጀት በአዲስ እቅድ ከለስኩት፤ ጥሩ መብላት ለሥራ ውጤት ወሳኝ ነው» እያለ ያስተምራል አለቻት።

«ያስተምር» አለች ወይንሸት። «ብሩን ካስቀመጠ ምን ቸገረኝ።»