ያየኸው ነው የሰማኸው?

የሙሀመድአሚንን ነገር ለመረዳት መጀመሪያ የአባቱን አጠያየቅ ማወቅ ያስፈልጋል። አባቱ ጋሽ ሸምሱ የከሚሴ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ሆነው ኖረዋል። ከቆላ ፍየልና ግመል በሚነዱት አፋሮችና ከደጋ በሚመጡት ገዢዎች መካከል ቆመው ያስማማሉ። ከአፋሮቹ ቋንቋቸውን ተማሩ፤ ዳጉ የሚሉትን የወሬ መለዋወጫ ልማዳቸውንም አብረው ወሰዱ።

ዳጉ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቁጭ ይላሉ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ከዚያ ተራው ይለወጣል። ዝናብ የት ጣለ? ሣሩ እንዴት ነው? ማን ታመመ? ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ያየኸው ነው የሰማኸው? የሰማኸው ከሆነስ ከማን? «አይቼ ነው» ያለ ሰው ራሱን አስይዟል። ሰሚው ያንኑ ቃል ለሚቀጥለው መንገደኛ ያቀብላል። ያለ ስልክ፣ ያለ ሬዲዮ! እንዴት ያለ ጥበብ ነው!

ጋሽ ሸምሱ ይህን ጥበብ ቤታቸው አስገቡት። ልጃቸው ዙቤይዳ አንድ ቀን «ጎረቤታችን ሰሊማ ወለደች» ብላ እየሮጠች ገባች።

«አይተሽ ነው?»

«ኧረ አባ! ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰማሁ እኮ!»

«እንግዲያው ሕፃን አለቀሰ በይ። መውለዷን ያየ ሲመጣ እንጠይቀዋለን።»

ሙሀመድአሚን ከእኔ ጋር ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሯል። ከአራት ዓመት በፊት ጅቡቲ ሄዶ አንድ የቋንቋ ማሠልጠኛ ቤት ተቀጠረ። አባቱ በየሳምንቱ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ዙቤይዳ ስልኩን ደውላ ስትሰጣቸው፣ በኦሮምኛ «ኢልመኮ፣ ማል አርግቴ?» ብለው ይጀምራሉ፤ ልጄ፣ ምን አየህ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ አማርኛ ይሻገራሉ።

«ባሕር አየሁ አባ። የጨፋን ሜዳ አሥር ጊዜ ብትዘረጋው አይሸፍነውም።»

«ለክተኸው ነው?»

«በግምት ነው።»

«በግምት በላ! ተማሪዎችህስ?»

«በፈረንሳይኛ ያደጉ ናቸው፤ እንግሊዝኛውን ሁሉ በአፍንጫቸው ነው የሚሉት።»

«እና ትገርፋቸዋለህ?»

«አንዱ እኮ አንተን ያክላል!»

«እንግዲያው ቀስ ብለህ አስተምረው። ሽማግሌ ጆሮው ይዘገያል።»

ጋሽ ሸምሱ የሰሙትን እሑድ ሰንበቴ ላይ ለአፋሮቹ ወዳጆቻቸው ያደርሳሉ። «ልጄ አይቶ የነገረኝ ነው» ይላሉ፤ ሲሉም አንገታቸው ቀና ይላል።

ከዚያ የማሠልጠኛው ባለቤት አንድ ሐሙስ በሩን ቆልፎ ጠፋ። ሙሀመድአሚን ሌላ የማስተማር ሥራ ፈለገ፤ አጣ። ወደቡ ላይ ማዳበሪያ ተሸካሚ ሆነ፤ ጆንያ ከመጋዘን አውጥቶ መኪና ላይ ይጭናል። ከጆንያዎቹ አንዳንዱ የጨፋ ማሳ ድረስ ሳይመጣ አይቀርም።

በሩ በተቆለፈ በማግስቱ ዓርብ ነበር። አባቱ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ።

«ተማሪዎችህስ?»

«ደህና ናቸው አባ።»

«ያየኸው ነው የሰማኸው?»

ዙቤይዳ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከአባቷ እጅ ልትወስድ ነበር። ሙሀመድአሚን በኋላ ለእኔ እንደነገረኝ «ሰምቼ ነው» ለማለት አስቦ ነበር፤ ግን ከማን ሊል ነው?

«አይቼ ነው» አለ።

ይህችን ቃል በየዓርቡ ለአንድ ዓመት ከሁለት ወር ደጋገማት።

አንድ ነገር ላስረዳ። ደላላ የራሱ በሬ የለውም፤ የሚሸጠው ቃሉን ነው። «ይህ በሬ አይዋጋም፣ ሲያርስ አይቼዋለሁ» ሲል የሚያምነው ካለ ደላላ ነው፤ የሚያምነው ከሌለ በገበያ መካከል የቆመ ሰው ብቻ ነው። ሙሀመድአሚን «አይቼ ነው» ባለ ቁጥር ያስያዘው የራሱን ቃል ብቻ አልነበረም፤ የአባቱንም ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አንድ እሑድ፣ የጋሽ ሸምሱ የሃያ ዓመት ወዳጅ የሆነው አፋሩ ሁመድ በሰው ፊት ዱላውን መሬት ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

«ሸምሱ፣ ስለ ልጅህ የነገርከኝ ያየኸው ነው የሰማኸው?»

«የሰማሁት ነው፤ ከራሱ ከልጄ።»

«እሱስ አይቼ ብሎሃል?»

«ብሎኛል።»

«የእህቴ ልጅ ወደ ጅቡቲ መኪና ይነዳል። ልጅህን አይቶታል። ማዳበሪያ ተሸክሞ ነው ያየው፤ ማስተማሪያ ቤቱም ከተዘጋ ዓመት አልፎታል። እኔ ደግሞ ያንተን ወሬ እስከ ሎግያ ከተማ አድርሼዋለሁ።»

ሁመድ ዱላውን አንሥቶ ሄደ። በዚያ ቀን ጋሽ ሸምሱ አንድ ከብት እንኳ አላስማሙም።

ዓርብ ስልኩ ተደወለ።

«ደህና ነህ?» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

«አልሀምዱሊላህ፣ አባ።»

«አልሀምዱሊላህ።» ስልኩን ለዙቤይዳ ሰጧት።

«አባ ምን ሆነ? ምነው ምንም አልጠየቀኝ?» አላት ወንድሟ። እሷም የሆነውን ነገረችው፤ እየነገረችው አለቀሰች።

ሙሀመድአሚን ሳምንቱን ሙሉ እውነቱን በተራ ሲያሰናዳ ሰነበተ፤ የተቆለፈውን በር፣ የጆንያውን ክብደት፣ ትከሻው ላይ ያበጠውን። እኔንም ደውሎ «ከእንግዲህ ያየሁትን ብቻ ነው የምነግረው፣ አንዱንም አላስቀርም» አለኝ። ዓርብ ሲደርስ አባቱ ደህንነቱን ጠይቀው ስልኩን ሊያቀብሉ ሲሉ ቀደማቸው።

«አባ፣ በአላህ ጠይቀኝ።»

«ምን ልጠይቅህ ልጄ?»

«እንደ ድሮው። ምን አየህ በለኝ።»

ጋሽ ሸምሱ በጩኸትም በቁጣም አልነበረም የመለሱት፤ ዙቤይዳን ያስፈራትም ይኸው ነው።

«ጆንያ መሸከም ነውር አይደለም። እኔም ወጣት ሳለሁ ተሸክሜያለሁ። አሁን ደህና ነኝ አልከኝ፤ ሰማሁ። ይበቃኛል።»

ከእንግዲህ ልጃቸው ለእሳቸው አይቶ የሚነግር ሰው አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ወሬ የሚሰሙት ሰው ነው።

እስከ ዛሬ በየዓርቡ ይደወላል፣ በየዓርቡም ሰላምታ አለ። ጥያቄ የለም። ጋሽ ሸምሱ ሰንበቴ መሄዳቸውን አልተዉም፤ ግን ከገበያው አጥር ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ባለፈው እሑድ አብሬያቸው ነበርኩ። አንድ ወሬውን ያልሰማ የደጋ ነጋዴ ሰላም አላቸውና «ያ አስተማሪው ልጅዎስ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

ጋሽ ሸምሱ ወደ ግመሎቹ እያዩ መለሱ።

«ደህና ነው አሉ።»