ኮምፒውተር እንጠገናለን

ሱቄ በር ላይ ያለውን ጽሑፍ ያስጻፍኩት የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ቀለም ቀቢው «ኮምፒውተር እንጠግናለን» ብሎ መጻፍ ሲገባው «ግ»ን «ገ» አድርጎ «ኮምፒውተር እንጠገናለን» ብሎ ሄደ። እኔ አላየሁም። ሌላውም ሰው አላየም፤ ቢያይም ዝም ብሎኛል። ያዩት እትዬ አራት ነጥብ ብቻ ናቸው፣ ያውም ቀለሙ ሳይደርቅ።

«እናንተ ናችሁ እንዴ የምትጠገኑት?» አሉኝ መንገዱ ላይ ቆመው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሱቄ ባለፉ ቁጥር ሳያነሱት አያልፉም። እኔም ግትር ነኝ፣ ሰው በነገረኝ ቁጥር ነገሩን አለማድረግ ይቀናኛል። ጽሑፉ እንዳለ ቀረ።

ስማቸው ይሄ አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት ፍርድ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበሩ፤ ሰው የሚናገረውን ሲጽፉ ኖረው ኖረው የራሳቸውንም ንግግር በነጥብ መዝጋት ለመዱ። «አልፈልግም፣ አራት ነጥብ» ካሉ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሰው መሐል ከገባባቸው ደግሞ «ቆይ፣ ነጠላ ሰረዝ ነው፣ አልጨረስኩም» ይላሉ። ሰፈሩ ስሙን ሲያወጣላቸው አልተቆጡም። ፊት ለፊት ግን ሁላችንም እትዬ ብቻ ነው የምንላቸው።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ሠራተኛና አሠሪ ሲጣሉ የሚያስማማ አንድ ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ እንዲይዙለት ቀጠራቸው። ስብሰባው በኢንተርኔት ነው። እሳቸው ሳሎናቸው ውስጥ ላፕቶፓቸውን ከፍተው ይቀመጣሉ፤ ሌሎቹ በየቢሯቸው ሆነው ይከራከራሉ፤ እትዬ ይጽፋሉ። ሁለት ደንብ አለ። የጸሐፊው ፊት ሁልጊዜ መታየት አለበት፤ ጸሐፊው ከተቋረጠ ደግሞ ጉባኤው ይቆማል። የሚጽፈው ሰው ከሌለ የተባለው እንዳልተባለ ነው።

የዛሬ ሦስት ወር ገደማ ላፕቶፑን በትራስ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ።

«ገመድ አልባው ይቋረጥብኛል» አሉ። ዋይፋይ አይሉም፣ አማርኛ ባለው ነገር ቋንቋ ማደባለቅ አይወዱም። «ደህና ይሠራና ድንገት ጥፍት ይላል። ገመዱ ይሆን?»

እኔ ያን ቀን ነገር ፈልጎኝ ነበር። «የምን ገመድ?» አልኳቸው። «እትዬ፣ ገመድ አልባ እያሉ የምን ገመድ ነው የሚጠይቁኝ? ለእርስዎ ደግሞ ‹አልባ› ማለት ምን እንደሆነ እኔ ላስረዳ?»

ደንበኞች ነበሩ፣ ሳቁ። እትዬ አልሳቁም። «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» ብለው ተቀመጡ። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ያቺን ቃሌን ኋላ ስለቅማት ከረምኩ።

ሱቄ ውስጥ ላፕቶፑ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንዴ እንኳ አልተቋረጠም። ኔትወርኩን አስረሳሁት፣ ይለፍ ቃሉን እንደገና አስገባሁ፣ ወስደው ሄዱ። በሳምንቱ ተመለሱ። ኃይል ለመቆጠብ ሲል ራሱ የሚያጠፋው ቅንብር አለ፣ እሱን ከለከልኩት፤ የዋይፋዩን ፕሮግራምም አደስኩ። አሁንም ሱቄ ውስጥ ጨዋ ሆነ፣ ቤት ሲገባ ዱርዬ። በሦስተኛው ጊዜ በስልክ ራውተሩን ከመስታወት ቁም ሣጥኑ ጀርባ አስወጥተው ግድግዳ ላይ እንዲያስሰቅሉት ነገርኳቸው። አሰቀሉት። ምንም ለውጥ የለም። ውሃ ወቀጣ ሆነ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ አንድ ደብተር ይዘው ነበር። «በተቋረጠ ቁጥር መዝግቤዋለሁ፣ አንብበው» አሉኝ። ተቀብዬ ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረግሁና «እሺ፣ አይቻለሁ» ብዬ መለስኩ።

አላየሁም። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ከባለቤቴ በቀር ማንም ያላወቀውን። ከአንድ ዓመት ወዲህ ቅርብ ያለ ነገር አይታየኝም ነበር። ፊደሉ ጭጋግ ውስጥ የገባ ይመስላል፤ የስክሪን ፊደል አግዝፌ ነበር የምሠራው። ትንንሽ ብሎን ያለውን ማሽን መክፈት ትቼ ነበር። ሰው ይዞልኝ ሲመጣ «ሶፍትዌር ነው» እል ነበር። በእኛ ሙያ «ሶፍትዌር ነው» ካልክ ማንም አይከራከርህም። ባለቤቴ ሐኪም ዘንድ ሂድ ስትለኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሐኪሙ ሥራህን ተው ቢለኝስ ብዬ ነው። ከዚህ ሥራ ሌላ የማውቀው የለኝም። ይሄን ሁሉ ይዤ ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ውሃ ደፍቶ አልደፋሁም የሚለኝን ደንበኛ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ አሳፍር ነበር። ዓይን አውጣነት ነው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት እትዬ ላፕቶፑን ሳይዙ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ስለ ጽሑፉ ምንም አላሉም፣ ያን ጊዜ ደነገጥኩ።

«ትናንት ደብዳቤ ደረሰኝ» አሉ። «ዛሬ ስምንት ሰዓት ጉባኤ አለ። ዛሬም ከተቋረጠ ሌላ ጸሐፊ ይተካል ይላል። ቤት መጥተህ ዓይንህ እያየ ይቋረጥ።»

የመሣሪያ ቦርሳዬን ይዤ፣ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው። ሳሎናቸው ውስጥ መስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ወንበሩ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ መደርደሪያው ላይ አንሶላ የለበሰ አሮጌ የጽሕፈት መኪና። ጠረጴዛው ላይ አንድ ትሪ፣ ውስጡ ብርጭቆና ማንኪያ። ከሌላው ዓለም ሁሉ ተለይቶ የተስተካከለ ቤት ነው፤ ጫማዬን የት እንደማሳርፍ ጨነቀኝ።

ላፕቶፑን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ይሠራል። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፣ ይሠራል። የነካካኋቸውን ቅንብሮች እንደገና ፈተሽኩ።

«ደብተሩ ላይ እንደጻፍኩት እኮ ነው» አሉ።

«አዎ፣ አይቻለሁ።»

«ምን ይላል?»

ወደ ስክሪኑ ዞሬ ቅንብር የምፈልግ መሰልኩ።

«አላነበብከውም።»

«አላነበብኩም» አልኩ።

«ለምን?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምን ብዬ ልዋሽ? የሰው ውሸት ሲጽፉ ሠላሳ አራት ዓመት የኖሩ ሴትዮ ናቸው። «አይታየኝም» አልኩ። «ዓይኔ ደክሟል፣ እትዬ። ከዓመት በላይ ሆነው።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። በእኔ ዓይን ሰበብ ስንት ሳምንት ተንከራተዋል፣ ሥራቸው ሊሄድ ነው። እሳቸው ግን ደብተሩን አንሥተው ብርሃን ወዳለበት ዞሩና ማንበብ ጀመሩ፤ በፍርድ ቤት ድምፅ፣ ሳይቸኩሉ።

«ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ምስክሩ ውሃ ጠየቀ፣ ዕረፍት ሆነ። ስክሪኑን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩ። ተቋረጠ። ስልኬ በዚያው ገመድ አልባ ይሠራ ነበር። ሐሙስ፣ ስምንት ከሃያ። ሰብሳቢው ሰነድ ሲፈልጉ ጸጥታ ሆነ። ስክሪኑን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ…»

«ይቁሙ» አልኳቸው። «ይሄ ስክሪን መግፋት ስንት ቦታ አለ?»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ሰባት። ሁሉም ላይ።»

ስክሪኑን ይዤ ወደ ኋላ ገፋሁት። ትንሽ ሲያልፍ የዋይፋዩ ምልክት ጠፋ። አቀናሁት፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሰ። ገፋሁት፣ ጠፋ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዋይፋይ ከአየር የሚይዘው አንቴና ስክሪኑ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሁለት ቀጫጭን ገመዶች በማጠፊያው በኩል ወርደው ሆዱ ውስጥ ካለችው ካርድ ላይ ይሰካሉ። ስክሪኑ ከልኩ በላይ ሲንጋለል አንዱ ገመድ ይወጠርና ከመሰኪያው ብድግ ይላል።

ገመድ። እትዬ በመጀመሪያው ቀን ያሉት። በገመድ አልባው ውስጥ ገመድ ነበረ፣ እኔ ደግሞ ሰው ፊት ‹አልባ›ን ላስተምራቸው ቃጥቶኝ ነበር። በጣም አፈርኩ።

ቢሆንም ወዲያው ሌላ ነገር መጣልኝና ደስ አለኝ፤ መክፈት አያስፈልግም። «አለቀ እትዬ» አልኩ። «ከእንግዲህ ወደ ኋላ አይግፉት። በዚሁ ቀጥ አድርገው ቢይዙት ዕድሜ ልኩን አይቋረጥም።»

«አልችልም» አሉ።

«ስክሪን አለመግፋት ምን ያቅታል?»

ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ትሪው ጠርዝ ላይ አሳረፉት። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ማንኪያው ብርጭቆውን መምታት ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ። እጃቸው እስከ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ስጽፍ የለም» አሉ። «ፊደል ላይ ከሆነ እንደ ድሮው ነው። ሳሳርፈው ነው የሚነሣው። ምስክር ዝም ሲል፣ ሰብሳቢው ወረቀት ሲያገላብጡ እጄ ያርፋል፣ ካሜራው ያየኛል። ያን ጊዜ ስክሪኑን እገፋዋለሁ። ከአገጬ በታች አልታይም።» እጃቸውን ከትሪው አንሥተው በግራ እጃቸው ያዙት። «ካዩኝ ይረፉ ይሉኛል። ማረፍ ነው እኮ የሚያመኝ። ሥራው ከሄደ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነኝ።»

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ሰባት ሊሆን ነው። ስክሪኑን አይግፉ ማለት እችል ነበር፤ ለኔ ቀላሉ እሱ ነበር። ላፕቶፑን ግን ገለበጥኩት። «እከፍተዋለሁ» አልኩ። «መሰኪያዋ ግን ከምስር ታንሳለች፤ እኔ አላያትም።»

«እኔ አያታለሁ» አሉ።

ብሎኖቹን በዳበሳ ፈታሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት የለመደ ጣት ዓይን አይጠይቅም። ክዳኑ ተነሣ። እትዬ የስልካቸውን መብራት ሊይዙልኝ ሲሞክሩ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ጨፈረ። ስልኩን ብርጭቆው ላይ አስደገፉት። ከዚያ አጎንብሰው የሚያዩትን ቃለ ጽሕፈት እንደሚያስጽፍ ሰው ይነግሩኝ ጀመር።

«ጥቁሩ ገመድ ደህና ነው። ነጩ ግማሽ ተነሥቷል። ማጠፊያው ሥር አንድ ቀዳዳ ውስጥ ተቀርቅሯል፣ እዚያ ነው የተወጠረው።» ከቀዳዳው አላቀቅሁት፤ ረዘም አለ። «አሁን ጫፉን ያዝ። ወደ ግራ። አልፈሃል። ተመለስ፣ ፀጉር ታክል። እዚያው ሁን፣ ነጠላ ሰረዝ። ትንሽ ወደ ራስህ።»

«አሁን?»

«አሁን ጫን።»

ጫንኩ። እንደ ልብስ ቁልፍ ጭብ አለች፤ ጣቴ ሰማት። ላይዋን በቴፕ አሰርኩና ዘጋሁት። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር።

ጉባኤው ሲጀመር ካሜራው የማያየኝ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። የእትዬ ጣቶች ፊደሉ ላይ ሲሮጡ አየሁ፤ እጁ የሌላ ሰው ይመስላል። ከዚያ አንድ ሠራተኛ ስለ ተባረረበት ቀን ሲናገር ድምፁ ተቆረጠና ዝም አለ። ሰብሳቢው «ጊዜ ይውሰዱ» አሉት። የእትዬ እጅ አረፈ። መንቀጥቀጥ ሲጀምር በግራ እጃቸው ስክሪኑን ይዘው ወደ ኋላ ገፉት፣ ከበፊቱም አብልጠው። ሰውዬው አፍንጫውን ጠረገና «ይቅርታ፣ ልቀጥል» አለ። ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ። እትዬ ጻፉ።

አሥር ሰዓት ላይ ሲያበቃ ላፕቶፑን ከደኑና ወደኔ ዞሩ።

«እኔስ የምገፋው ስክሪን አለኝ» አሉ። «አንተስ ዓይንህን በምን ትደብቀዋለህ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ እትዬ። እጅዎንስ ሐኪም አይቶታል?»

«ማን ነው ተናጋሪው!» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው «አንተ ሰኞ ሂድ፣ ነጠላ ሰረዝ» አሉ። «እኔ ማክሰኞ እሄዳለሁ።»

ሰኞ ሄድኩ። የሚሞላውን ቅጽ ያነበቡልኝ እሳቸው ናቸው፤ ሁለት ግድፈት አግኝተውበት ለመዝጋቢዋ አሳይተዋታል። ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለኝ። ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይሄው ነበር። ማክሰኞ ደግሞ እኔ አጀብኳቸው። የእሳቸው እንደኔ የሚገፈፍ አይደለም፤ የሚያስታግስ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ሐኪሙም መጻፉን እንዳይተዉ መከራቸው። ከሐኪም ቤት ሲወጡ ያንን ብቻ ደጋግመው ነገሩኝ።

ከዓይኔ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሱቄን ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት በሩ ላይ ያለችውን «ገ» ነው። ያን ያህል ትልቅ መሆኗን አላውቅም ነበር። ቀለም ቀቢ ጠርቼ መሰላል ላይ አወጣሁት። እትዬ በዚያ ሲያልፉ ቆሙ። ቀኝ እጃቸውን የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተዋል።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ላሳርማት ነዋ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጨቀጭቁኝ አልነበር?»

ቀና ብለው ጽሑፉን ድምፅ ሳያወጡ አነበቡት።

«አውርደው ሰውዬውን» አሉኝ። «ያኔ ስህተት ነበር።»